ረግረጉ ውስጥ የተላጠው ዛፍ

ኦርዲላ ታርቤል ሰኔ ላይ ወደ ረግረጓ ወርዳ ከጥቁር አሽ ዛፎቿ አንዱ ወገቡ ላይ ዙሪያውን ተልጦ አገኘችው። ቅርጫት የምትሠራው ከዚህ ዛፍ ነው። እንዲህ የተላጠ ዛፍ ደግሞ መሞቱ አይቀርም።

"ክሊፎርድ ነው" አለች ለራሷ። ክሊፎርድ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። በመንደራቸው በአክዌሳስኔ ግንድ ቀጥቅጦ ለቅርጫት የሚሆን ስስ ልጥ በማውጣት የሚስተካከለው የለም። አምና ሦስት ዛፍ ልቁረጥ ብሎ ለምኗት ከልክላዋለች። ቂም ይዞ መሆን አለበት።

ሐምሌንና ነሐሴን አኮረፈችው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሰላም ሲላት ፊቷን ታዞራለች። ረግረጉ ዳር የመኪናውን ጎማ ዱካ ስታይማ ባሰባት። ለእህቷ "ሌባ ነው" አለቻት፤ እህቷም ወሬውን አዳረሰችው።

መስከረም መጨረሻ አንድ ጠዋት የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ተከተለችው። ክሊፎርድ ዛፉን ጥሎ የቀረውን ቅርፊት በመላጫ ይልጣል።

"ያዝኩህ! አታፍርም አንተ?"

"አፍራለሁ። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር" አላት። "ወጥመድ ነው። አሽ ዛፍ የሚጨርሰው ከውጭ የመጣው ጥንዚዛ የታመመ ዛፍ ይወዳል። አንዱን አሳምመን ካልጠራነው፣ መምጣቱን የምናውቀው ሁሉም ከደረቀ በኋላ ነው። የመንደሩ የደን ባለሙያ ነች ያዘዘችኝ።"

"የሰው ዛፍ ላይ?"

"ብጠይቅሽ እሺ ትዪኝ ነበር?"

ክሊፎርድ ቅርፊቱን ገልብጦ አሳያት። ከሥሩ በብናኝ የተሞላ እንደ እባብ የተጠማዘዘ መንገድ ነበር፤ ጫፉ ላይ የጥንዚዛው እጭ የሆነ ጠፍጣፋ ነጭ ትል፣ ጭራው ላይ ሁለት ጥቃቅን እሾህ ያለው።

"አንተው አምጥተህ ከትተኸው ቢሆንስ?"

"ከቅርፊት ሥር? በምን መርፌ?" ብሎ ሳቀና ከኪሱ ብልቃጥ አወጣ። ውስጡ ያለው ሐምሌ ላይ ከዚሁ ግንድ የያዘው አንጸባራቂ አረንጓዴ ጥንዚዛ ነው፤ ቀጭን፣ ቁመቱ ከጣት ጥፍር ብዙ የማይበልጥ።

"አረንጓዴ ጥንዚዛማ ሞልቷል። ልጅ ሆነን ስንት ይዘናል!"

"እስቲ ክንፉን ግለጪው።"

በቢላዋ ጫፍ ገለጠችው። ከሥሩ ጀርባው እንደ አዲስ መዳብ ቀይ ነው። ስልሳ ዓመት በዚህ ረግረግ ስትመላለስ እንዲህ ያለ አይታ አታውቅም። ግንዱ ላይ ተቀመጠች።

ያም ሆኖ አላመነችውም። ከሰዓት በኋላ ራሷ ለባለሙያዋ ደወለች፤ ሴትዮዋ ነገሩን አንድ በአንድ አረጋገጠችላት።

በሚቀጥለው ሳምንት ጥንዚዛው ሳይጨርሳቸው ጤነኞቹን ዛፎች አብረው ይቆርጡ ጀመር። ግንዶቹን ኩሬ ውስጥ ያሰጥሟቸዋል፤ ውሃ ውስጥ ያለ ግንድ ለዓመታት ሳይደርቅ፣ ለመቀጥቀጥ እንደተመቸ ይቆያል። እሁድም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሰው ሁሉ እየሰማ "ሌባ ያልኩት በሐሰት ነው" አለች።

ክሊፎርድ አቀርቅሮ ፈገግ አለ። "ታዲያ ታረቅን?"

"ታርቀናል። ግን ሁለተኛ ሳትጠይቀኝ ረግረጌ ብትገባ፣ አንተኑ ነው የምልጥህ።"