የኒካስዮ ጉድጓድ

ኒካስዮ ጉድጓዱን የቆፈረው ኤውዶስያን ባገባ ዓመት ነው። ሳንቲያጎ ዴል ኤስቴሮ በሚባለው ደረቅ የጫካ አገር ብዙ ሰው ቆፍሮ ጨው አግኝቷል፤ እሱ ግን ጥርት ያለ፣ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ቀዝቃዛ ውሃ አወጣ። ልጃቸው ኤልቪዮ ያንን እየጠጣ አደገ፤ ገና በጎልማሳነቱ ሳንባው ላይ እባጭ ወጥቶበት ሞተ። የኤልቪዮ ሚስት ትንሿን ልጃቸውን ዴኦሊንዳን ለአያቶቿ ትታ ሥራ ፍለጋ ከተማ ገባች። ሲጋራ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ልጅ እንዴት በሳንባ ይሞታል ብላ ኤውዶስያ ብትጠይቅ፣ መልስ የሰጣት ሐኪም አልነበረም።

ከቀብሩ በኋላ የጤና ሠራተኛዋ ዙሌማ ከጉድጓዱ ውሃ ቀድታ ሄደች፤ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል።

«ዶን ኒካስዮ፣ እስቲ መዳፍዎን ያሳዩኝ።»

መዳፉ ሻክሯል፤ መሃሉ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር ተቋጥሯል።

«የመጥረቢያ ነው የኔ ልጅ። አንቺም ትንሽ እንጨት ፍለጪ፣ ታገኚዋለሽ።»

«የውሃው ነው። አርሰኒክ የሚባል ከመሬት የሚወጣ መርዝ አለበት። አይሸትም፣ ቢያፈሉትም አይለቅም። ቆዳ ይበላል፤ ሲቆይ ደግሞ ሳንባ...»

ኤውዶስያ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። ኒካስዮ ግን ሳቀ። «ይኸው እኔ አለሁ አይደል? በይ ማቴ ሻይሽን ጠጥተሽ ሂጂ።»

ኤውዶስያ ከወንድሟ ጋር ሆና የሣር ክዳኑን አፈረሰች። ቤቱን ቆርቆሮ አለበሱት፣ አሸንዳ ገጠሙለት፣ ከሥሩ የሲሚንቶ ገንዳ ሠሩ። ኒካስዮ ምስማር እንኳ አላቀበለም።

«የወፍ ኩስ ልታጠጪን ነው አንቺ ሴትዮ?»

«ኩሱን የመጀመሪያው ዝናብ ያጥበዋል፣ እደፋዋለሁ። ያንተን መርዝ ምን ያጥበዋል?»

እሷና ልጅቷ የጣራውን ሲጠጡ እሱ ከጉድጓዱ እየቀዳ ይጠጣል። ኤውዶስያ ግትርነት መስሏት ስትሰድበው ከረመች።

በዓመቱ ዝናቡ ቀረ። የገንዳው ወለል መታየት ሲጀምር ኤውዶስያም ወደ ጉድጓዱ ተመለሰች፤ የቀረችውን ለዴኦሊንዳ በኩባያ ሰፈረችላት። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ኒካስዮ ፍየሎቹን ሲያጠጣ፣ ልጅቷ ጥሙ ጠንቶባት መጣችና ኩባያዋን ባልዲው ውስጥ ነከረች። ኒካስዮ ተስፈንጥሮ እጇን መታት። ኩባያው በረረ፣ ልጅቷ በጩኸት አገሩን አናጋችው። ኤውዶስያ ከቤት ሮጣ ወጣች።

«ምን አደረገችህ አንተ ሰውዬ!»

«ከዚህ... ከዚህ ልትጠጣ ነበር።»

ኒካስዮ እዚያው አፈሩ ላይ ዘጭ አለ።

«እኔ ነኝ ያጠጣሁት ኤውዶስያ። ልጄን፣ በገዛ እጄ እየቀዳሁ።»

ያ ሁሉ ሳቁ ምን እንደነበር ያኔ ገባት። ውሃው መርዝ ነው ብሎ ካመነ ኤልቪዮን ማን ገደለው?

«አታውቅም ነበር» አለችው።

«ዙሌማ ከነገረችን በኋላስ? እውነቱን ላለማመን ስንቱን መንገደኛ ከዚህ ጠጣ እያልኩ አሳለፍኩ።»

ኤውዶስያ ልጅቷን አቅፋ አጠገቡ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲያ ኒካስዮ ለሚያልፍ ሁሉ ባልዲውን እየደበቀ ውሃው መርዝ መሆኑን ይነግር ጀመር። ገሚሱ ጃጀ ብሎ አለፈው። ራሱ ግን ከጉድጓዱ መጠጣቱን አልተወም፤ «የልጅቷን ጠብታ አልሻማም» ብሎ። ብዙም ሳይቆይ ጣቱ ላይ የወጣ ቁስል አልድን አለ። ከተማ ወስደው ጣቱን ቆረጡለት፤ በሽታው ግን ቀድሞት ሳንባው ገብቶ ነበር።

ዝናቡ ሲመጣ አልጋ ላይ ነበር። ኤውዶስያ ከገንዳው ቀድታ ቀና አድርጋ ያዘችው። አንዴ ተጎነጨ።

«ጣዕም የለውም» አለ፤ ግን እስከ መጨረሻው ጠጣው።

ብርዱ ሲገባ ሞተ፤ ከኤልቪዮ ጎን ቀበሩት። ዴኦሊንዳ እስከ ዛሬ፣ «አያቴ ያን ቀን ለምን መታኝ?» ትላለች። ኤውዶስያ «ስታድጊ እነግርሻለሁ» እያለች ታቆያታለች። ያን ከነገረቻት የአባቷንም አሟሟት መንገር ሊኖርባት ነው።