አባቴ ውሃ እንዳይገባ የሠራኋት ጀልባ

እሑድ እሑድ አባቴ የጫማውን ክር መፍታት ሲጀምር ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ የእኔ ልብ ግን ድው ድው ይላል።

ከከተማችን ወጣ ብሎ ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ ካባ አለ። ሥራው ሲቆም ውሃ ሞላውና ትልቅ ኩሬ ሆነ። ሞዴል ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው እዚያ ይሰበሰባሉ። ወራት የደከሙባትን ጀልባ ውሃው ላይ ያስቀምጡና ዳር ቆመው በሪሞት ሲነዷት ይውላሉ። አደራ፣ "አሻንጉሊት" እንዳትሏት፤ ያኮርፋሉ። ታዲያ ባትሪ ያልቃል፣ ሽቦ ይላላል፣ ሲግናል ይጠፋል፤ ጀልባዋ መሃል ውሃ ላይ ቀጥ ትላለች። ያኔ ባለቤቷ ፊቱን ወደ አባቴ ያዞራል።

አባቴ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ እዚያ ግን "ጠላቂው" ነው የሚሉት። ሸሚዙን አውልቆ ይገባና ጀልባዋን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ፣ በሌላው እየቀዘፈ ይመለሳል። የራሱ ጀልባ ኖሮት አያውቅም። ሰው ሁሉ ጀልባ ይዞ ሲመጣ እሱ ፎጣ ይዞ ይመጣል። በዚያች ፎጣ የሚኮራውን ያህል በሠላሳ ዓመት ሥራው ሲኮራ አላየሁትም።

አምና ደረቱን ወጋ ወጋ ሲያደርገው ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ልቡን በመሣሪያ አየችና፣ "ከእንግዲህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዳይገቡ። ልብዎ እዚያው ሊቆም ይችላል" አለችው። አባቴ በጨዋ ደንብ አመስግኗት ወጣ። ደጅ ስንደርስ ግን፣ "ይቺን ነገር ለሰው ብትተነፍሺ እኔና አንቺ አንተዋወቅም!" አለኝ። ለእናቴ ነገርኳት፤ ከእሷ ወዲያ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። በሚቀጥለው እሑድ ፎጣውን አንጠልጥሎ ሄደ።

ለመንኩት፣ ጮህኩበት፣ አኮረፍኩት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በመጨረሻ እናቴ እኔው ላይ ዞረችብኝ።

"የሰው ማሽን ስትጠግኚ ትውያለሽ፤ ይሄን ሽማግሌ ዳር የሚያስቀር አንድ ማሽን መሥራት ያቅትሻል?"

ለነገር ነው ያለችው፤ እኔ ግን የምሯን አደረግኩት። የውሃ ፓምፕና የልብስ ማጠቢያ ጠጋኝ ነኝ፤ ሱቄም የቤታችን የፊት ክፍል ነው። ሞተር ሞልቶኛል። የቆመች ጀልባ ዘንድ ሄዳ ይዛት የምትመለስ፣ በሪሞት የምትነዳ ጀልባ ከሠራሁ፣ አባቴን ማን ውሃ ግባ ይለዋል?

የመጀመሪያዋን ከልብስ መዘፍዘፊያ ሳፋ ሠራኋት። በርሜል ውስጥ ሳስቀምጣት ተገልብጣ ሆዷን ሰጠችኝ። ሁለተኛዋ ቀጥ ብላ ሄደች። የቆመችውን ጀልባ በገመድ እንድትጎትት ነበር ሐሳቤ፤ ገና ኩሬው ላይ እንደሞከርኳት ግን ገመዱ የራሷ ፕሮፔለር ላይ ተጠመጠመና መሃል ላይ ቆመች። አዳኟ አዳኝ ፈለገች። ሰው በሳቅ ሞተ፤ አባቴም ደስ ብሎት ገባ። ጀልባዬን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ እየተጎማለለ ወጣና፣ "እንኪ ልጄ፣ ዕቃሽን ጥለሽ ነበር" አለኝ። ቀጥሎ ሰው ወደማያየው ወገን ዞሮ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የሱሪውን ውሃ የሚጨምቅ መስሎ ለረጅም ጊዜ ሲያቃስት ቆየ። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። 

ሦስተኛዋን በእልህ ሠራኋት። አባቴ ከሥራ ዘመኑ የተረፉትን ወፋፍራም የፕላስቲክ ቧንቧዎች ጓሮ ቆልሏቸዋል። ከእነሱ ሁለት ቆርጬ ጫፍና ጫፋቸውን ደፈንኩና ጎን ለጎን አሰርኳቸው፤ ቢገፏቸው የማይገለበጡ ተንሳፋፊዎች ሆኑ። ባትሪውን ክዳን ባለው የምግብ ዕቃ ውስጥ አድርጌ ዙሪያውን ሲሊኮን ቀባሁት። ሞተሩን ከተበላሸ ድሪል ፈታሁ። ገመድ የሚባል ነገር እርም አልኩ፤ ይቺ የምትገፋ እንጂ የምትጎትት አይደለችም። ፊቷ ላይ እንደ ሹካ ሁለት ክንድ አወጣሁላትና የሰው ቀለም እንዳትቧጭር ስፖንጅ ጠቀለልኩባቸው። ከኋላ ትመጣለች፣ የቆመችውን በሁለት ክንዷ መሃል ታስገባለች፣ ገፍታ ዳር ታደርሳለች። በቃ።

አባቴ ሱቅ ገብቶ አያት።

"ቧንቧዎቼን ለምን ቆረጥሻቸው?"

"እንዳትሞት።"

ጎንበስ ብሎ መገጣጠሚያዋን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ። "እዚህ ጋ ታፈሳለች" አለና ቀና አለ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። "እሺ፣ እሷ ታምጣ። እኔስ እዚያ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?"

 ቧንቧው እውነትም ያፈስ ነበር፤ ደፈንኩት።

ያን እሑድ ነፋስ ነበር፣ ከኋላችን ተነስቶ ወደ ማዶ የሚገፋ። ማዶ ጥግ ላይ የኩሬው ትርፍ ውሃ የሚወጣበት የሲሚንቶ ቦይ አለ፤ ከቦዩ ወዲያ ውሃው ቁልቁል ድንጋይ ላይ ይወድቃል። እዚያ የደረሰ ጀልባ ፍልጥ ሆኖ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጀልባውን ከዳር ሳያርቅ ይነዳ ነበር፣ ከሰዓት ሠሪው በስተቀር።

ሰዓት ሠሪው የአባቴ የልብ ጓደኛ ነው። ጀልባው ነጭ የመንገደኛ መርከብ ናት፤ መስኮቶቿን ሁሉ ከሰዓት መስታወት ቆርጦ ነው የሠራቸው። ሪሞቱ ግን አሮጌ ነው፤ ከመሃል ወዲያ ሲግናሉ ይደክማል። ያን ቀን መርከቢቱ ተሸቀዳድማ መሃሉን አለፈችና ቀጥ አለች። ነፋሱ ቀስ እያለ ወደ ቦዩ ይወስዳት ጀመር።

"ጠላቂው!" አለ ጡሩምባ። ጡሩምባ የምንለው ምላሱ የማያርፍ ፀጉር አስተካካይ ነው። "ፎጣህን አዘጋጅ!"

አባቴ ከድንጋዩ ላይ ብድግ አለ።

"ተቀመጥ" አልኩት፤ "ዛሬ ሥራው የእኔ ነው።" ጀልባዬን ውሃው ላይ አስቀምጬ ለቀቅኳት። ሄደች! እንደ ዳክዬ ራሷን እየነቀነቀች፣ ማዕበሉን እየቆረጠች ሄደች።

እዚያ ኩሬ አንድ ደንብ አለ። ጀልባው የቆመበት ሰው ሪሞቱን መሬት አስቀምጦ እጁን ይሰበስባል። ምክንያቱም መቆጣጠሪያውን ወደፊት እንደገፋ ከቆየና ሲግናሉ በድንገት ከተመለሰ፣ የሞተችው ጀልባ ነፍስ ዘርታ ትፈተለካለች።

"ጋሼ፣ ሪሞቱን ያስቀምጡ" አልኩት።

"እሺ፣ እሺ" አለ ሰዓት ሠሪው፤ ዓይኑ ግን መርከቡ ላይ ነበር።

ጀልባዬ ዞራ በማዶ በኩል ከኋላዋ ደረሰች። ትንፋሼን ይዤ ሁለቱን ክንዶች በግራና በቀኝዋ አስገባሁና ገፋሁ። መርከቢቱ እሺ አለች። ወደ እኛ መምጣት ጀመረች፤ ከኋላዬ ሰው ሲያጨበጭብ ሰማሁ። አባቴን ዞር ብዬ ለማየት ድፍረት አጣሁ። መሃል ላይ ሲደርሱ መርከቢቱ ድንገት ቱር አለች። ሪሞቱ ከሰዓት ሠሪው እጅ አልወረደም ነበር፤ ጣቱም መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ገፍቶታል። እሱ ከጭንቀቱ የተነሳ ነው፣ ለእኔ ግን ጉድ ፈላ። መርከቢቱ በሹካው መሃል ተሽከርክራ፣ ፊቷን ወደ ጀልባዬ አዙራ፣ ዘላ ወጣችባት። ሰዓት ሠሪው ደንግጦ ሪሞቱን ድንጋይ ላይ ጣለው፤ ተከሰከሰ። መርከቢቱ እንደገና ሞተች።

ጀልባዬ ፊቷ ተጭኗት ኋላዋ ከውሃ ወጥቷል። ወደፊት ብል፣ ወደኋላ ብል፣ ፕሮፔለሩ አየር እየመታ እዝዝዝ ይላል እንጂ ፈቅ አትልም። ሁለቱ እንደተቆላለፉ ነፋሱ ወደ ቦዩ ነዳቸው።

"ማሽኗም ታማለች!" ጮኸ ጡሩምባ። "ጠላቂው፣ ያለ አንተ አይሆንም! ግባ እንጂ!"

ሰው ሁሉ ተቀበለው። "ጠላቂው! ጠላቂው!"

ዞር ስል አባቴ ተቀምጦ የጫማውን ክር ይፈታል።

 ሪሞቴን ጥዬ ሮጥኩ። "ልቡ!" ብዬ ልጮህ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነከስኩት። ሸሚዙን አውልቆ ሲነሳ ደረስኩና የእጁን አንጓ በሁለት እጄ ጨመደድኩት።

"አትገባም።"

"ልቀቂኝ!" አለ፣ ሰው እንዲሰማ አድርጎ።

ጆሮው ሥር ገባሁ። "አባዬ ትሞታለህ። በእናቴ ሞት፣ ትሞታለህ።"

ጫማውን ለማውለቅ ያጎነበሰ መስሎ ራሱን ወደ እኔ አቀረበ። በሹክሹክታ ነበር የተናገረው።

"አጥብቀሽ ያዢኝ።"

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ።

"እንዳትለቂኝ" አለ፤ "ያዘችው ይበሉ። ጠዋት ደረጃ ስወርድ እንኳ ትንፋሽ አጥሮኝ ግድግዳ ይዤ ነው የቆምኩት። አልችልም፣ ልጄ። አልችልም ማለቱ ደግሞ ከአፌ አልወጣ አለኝ።"

አንጀቴን በላው። ያን ሁሉ ወር የተጨቃጨቅኩት ከእልኸኛ ሰው ጋር መስሎኝ ነበር፤ ለካ የፈራ ሰው ነው። ማልቀስ አማረኝ፤ ግን ያዘዘኝ ለቅሶ አይደለም። ስለዚህ ኩሬው እስኪያስተጋባ ጮህኩ።

"ዛሬ እግርህ ውሃ ቢነካ ልጅህ አይደለሁም! ሰማህ?"

"ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ? ልቀቂ ብያለሁ!" አለና እጁን ጎተተ። የጎተተበት ጉልበት የሕፃን ጉልበት ነበር። ጎተት ሲያደርግ እኔ እጎትታለሁ፣ ላላ ሲል እይዘዋለሁ። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ተተክሏል። አንድ ስህተት ብሠራ ሁሉም ነገር ይታወቃል።

"ምን ዓይነት ልጅ ናት?" አለ አንዱ። "አንቺ፣ ልቀቂው እንጂ! መርከቢቱ እኮ ልትሄድ ነው!"

"አልለቅም!"

"ክፉ!" አለኝ ጡሩምባ።

"ክፉ ነኝ" አልኩት። እንደዚያ ቀን ስድብ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ጀልባዎቹ ቦዩ አፍ ደረሱ። ለቅጽበት ሲሚንቶው ላይ ተደግፈው ቆሙ። ከዚያ የእኔ ጀልባ ተንጋደደችና ሁለቱም አንድ ላይ ቁልቁል ሄዱ። የእንጨት ስብራት ድምፅ እኛ ድረስ መጣ። አባቴ እንደተመታ ሰው ዓይኑን ጨፈነ።

ሰዓት ሠሪው ቀስ ብሎ መጣ። ፊቱን ማየት ፈራሁ።

"ይቺ ባትይዘኝ ኖሮ አመጣልህ ነበር" አለው አባቴ። ድምፁ ሰለለ።

ሰዓት ሠሪው አባቴን አየው፤ ከአንገቱ እስከ ደረቱ፣ ደረቱ እንዴት እንደሚነሳና እንደሚወድቅ አየ። ከዚያ መሬት ከወደቀው ሸሚዝ ላይ አቧራውን አራግፎ ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት።

"አውቃለሁ ወንድሜ" አለ። "ታመጣት ነበር።" ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ ሰው እንዲሰማ፣ "አንቺ ግን በጣም ግትር ነሽ!" አለኝና መርከቡ ወደ ወደቀችበት ሄደ።

ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ። ገሚሱ ስብርባሪ ሊለቅም ወደ ቦዩ ወረደ። እኔ የጀልባዬን ነገር አላሰብኩትም፤ የአባቴን አንጓ እንደያዝኩ መንገድ ጀመርን። ዳገቷን ስንወጣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆንን፤ ለሚያየን የተማረከ ሰው ይመስል ነበር። ሁለት ጊዜ ቆመ። ሁለቱንም ጊዜ፣ "ሂድ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ!" ብዬ ጮህኩበት፣ ትንፋሹ እስኪመለስ።

ዳገቱ ላይ ያቆምናት መኪናችን ጋ ስንደርስ ዛፎች ስለጋረዱን የሚያየን ሰው አልነበረም። ጣቶቼ ደንዝዘው ነበርና ላላ አደረግኳቸው።

"አትልቀቂኝ" አለኝ።