ዝምታ ሲቀዳ

ቃሪያ የሚሏት ምላሷ ስለሚያቃጥል ነው። ዛሬ ግን «ትንፍሽ ብትዪ!» ተብላ መጥታ ፊተኛው ረድፍ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ትልቅ እህቷ መድረክ ላይ ናት። ከግራዋ አንድ ረጅም ደራሲ፣ ከቀኟ ውይይቱን ቀድቶ በፖድካስት የሚያሰራጨው ሰውዬ ተቀምጠው ሰው በተሰበሰበበት ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ ይወያያሉ። ውይይት ይበሉት እንጂ እህቷ አፏን በከፈተች ቁጥር ደራሲው «እዚህ ላይ ልጨምር» እያለ ይነጥቃታል። የቀረበለት ውሃ አለቀ፣ ንግግሩ ግን አላለቀም።

ቃሪያን የገረማት ሌላ ነገር ነው። ከኋላ፣ ከምሰሶው ጥግ፣ የምታውቀው ቆብ ብቅ ጥልቅ ይላል። የአባቷ ቆብ!

«እንዴ!» አለች በሆዷ።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። እህቷ የቢሮ ሥራዋን ትታ ከቤታቸው ለሚባረሩ ተከራዮች ልሟገት ብላ የተነሳች ጊዜ፣ «የሰው ጎጆ ላቅና ስትዪ የራስሽን ታፈርሻለሽ!» አላት። «ይፍረስ!» አለች እሷም፤ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወጣች። ይኸው ከዚያ ወዲህ አንድ ከተማ እየኖሩ አይተያዩም። «የአንድ ድንጋይ ሁለት ስባሪ» ትላቸዋለች እናታቸው። ዛሬ ጠዋት ቃሪያ «አባዬ፣ አትመጣም?» ብትለው፣ ከስፌቱ ቀና ሳይል «እኔ የወሬ ገበያ አልወጣም» ብሏት ነበር። ታዲያ አሁን ከምሰሶ ኋላ የተወሸቀው ምን ሊገዛ ነው?

እህቷ አላየችውም። መብራቱ ፊቷ ላይ ስለሚያበራ ከፊተኛው ረድፍ ወዲያ ያለው ለእሷ ጨለማ ነው። ቃሪያ ቅንድቧን አነሳች፣ አገጯን ወደ ኋላ ወረወረች። እህቷ «አርፈሽ ተቀመጪ» የሚል ዓይን ላከችላት። ሄዳ እንዳትጠራው ደግሞ፣ መታየቱን ካወቀ ውልቅ ይላል።

ውይይቱ አለቀ፣ ተጨበጨበ። ቃሪያ ዞር ስትል ቆቡ ወደ በሩ እየሄደ ነው። በዚህ ከወጣ መቼም አይመለስም!

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» አለች ድምፅ የምትቀዳዋ ሴት፣ የጆሮ ማዳመጫዋን ጫን አድርጋ። «አንድ ደቂቃ ጸጥ በሉልኝ። የአዳራሹን ዝምታ ልቅዳ።»

«ዝምታ ደግሞ ይቀዳል?» ቃሪያ አመለጣት።

«ይቀዳል እንጂ። ንግግር ቆርጠን ስናወጣ ቀዳዳውን የምንጥፈው በሱ ነው።»

«የደራሲውን ለመጣፍ እንኳ አንድ ደቂቃ አይበቃችሁም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ደራሲው ራሱ ሳይቀር። ከዚያ ጸጥ አለ። አባቷም እጁ የበሩ እጀታ ላይ እንዳለ ቀረ። ማራገቢያው እንኳ ሲዞር ይሰማል። በዚህ መሀል፣

«እህ... እህህም።»

ይቺን ሳል በቤታቸው የማያውቃት የለም። አባታቸው ከሱቅ ሲመለስ ደጅ ቆሞ የሚያሰማት፣ እህትማማቾቹ ስልክ ደብቀው ደብተር የሚያነሱባት ሳል ናት። እህቷ መድረኩ ላይ ክው አለች። እጇ ሳታዘው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ድፍት አደረገው።

«ማነው ያሳለው? እንደገና ልንጀምር ነው!» አለች ቀጂዋ።

«ቆይ!» እህቷ መብራቱን በመዳፏ ከለለች። «አባዬ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። አባቷ ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ ደፋው።

«ሳላስበው ነው። ሥራችሁን አበላሸሁባችሁ መሰለኝ።»

«መቼ መጣህ?»

«የደራሲው ውሃ ሳያልቅ።»

«እና... ሰማኸኝ? ምን ትላለህ?» ድምፅዋ ቀጠነ።

ቃሪያ ጥፍሯን ነከሰች። አባቷ ልጁን ከላይ እስከ ታች አያት።

«እኔ ስለ ፍትሕ ምን አውቃለሁ» አለ። «ግን ያቺ ከነልጆቿ ደረጃ ላይ ያደረችው ሴትዮ መጨረሻዋ ምን ሆነ? ሳትጨርሺው ነጠቁሽ።»

«ቁልፏን አስመለስንላት።»

«እሰይ!» አለ፤ ደግሞ፣ «የኮትሽ እጅጌ ረዝሟል። ማነው የሰፋልሽ?»

«ማንም። የተሰፋ ገዝቼ ነው።»

«ያስታውቃል። አምጪው።»

እህቷ እጅጌዋን ያዝ አደረገች። «ወደ ሱቅ ነው... ወይስ ወደ ቤት?»

አባቷ ጣሪያ አየ፣ ወለል አየ። «እህህም» አለ።

«ቤት ማለቱ ነው!» ብላ ተረጎመች ቃሪያ።

«አሁንስ ዝም ትሉልኛላችሁ?» አለች ቀጂዋ።

አዳራሹ እንደገና ጸጥ አለ። አባቷ የበሩን እጀታ ለቀቀና ቅርቡ ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

«ኧረ በፈጠራችሁ!»