አምስተኛው ነፊ

አሥራት ጋሼ ለይኩንን ለመጥላት ከአንድ ሰኮንድ በላይ አልፈጀበትም። አምና ቶራንስ ከተማ፣ የባግፓይፕ ቡድኖች በሚወዳደሩበት ሜዳ ላይ ነው። ከበሮው ሁለቴ አንደርድሮ ነፊዎቹ ባንድ ላይ ድምፅ ሊያወጡ ሲሉ የአሥራት ብቻ ቀድሞ ጮኸ። ሌሎቹ የመሪያቸውን የጋሼ ለይኩንን የቅንድብ ምልክት እየጠበቁ ነበር፤ እሱ እርምጃውን እየቆጠረ ነበር። ቆጠራው ልክ ነው፣ የዘገየው የሽማግሌው ቅንድብ ነው። ግን ማን ይመነው? ጋሼ ለይኩን ዳኞቹ ከሜዳው ሳይወጡ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ፍየል እንኳ ቢላዋ ካላየ አይጮኽም” አሉት። ቡድኑ መጨረሻ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስሙ “ቀዳሚው” ሆኖ ቀረ።

ቡድኑ የሐበሾች ሠፈር በሆነው ፌርፋክስ ላይ የተመሠረተው በታደለች ምክንያት ነው። ቶራንስ ውስጥ የምታስታምማቸው የስኮትላንድ ሽማግሌ መንፋት አስተማሯት፤ ሲሞቱ ልጆቻቸው ስድስት ባግፓይፕ ከነሣጥኑ ሰጧት። ባግፓይፕ ማለት ብብት ሥር የሚታቀፍ የቆዳ ከረጢት ነው። በአፍ ይነፋል፣ በክንድ ይጨመቃል፤ ትከሻ ላይ የቆሙት ሦስት ቧንቧዎች ሳያቋርጡ ያጓራሉ፤ ዜማውን ደግሞ ጣት የሚሮጥበት አንዱ ቧንቧ፣ ቻንተሩ፣ ያወጣዋል። የሠፈሩ ሰው “አቁማዳ ነፊዎች” ይላቸዋል። ሰው የሰበሰቡት፣ ያሠለጠኑትና የሚያዝዙት ጋሼ ለይኩን ናቸው። ድሮ በጦር ሠራዊት ባንድ ክላርኔት ይጫወቱ ነበር፤ እዚህ በስደት ሠላሳ ዓመት የመኪና ማቆሚያ ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። ልምምዱም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ማቆሚያ ውስጥ ነው።

“ጋሼ ለይኩን!” ይላል የጎረቤቱ ምግብ ቤት ዘበኛ ከአጥሩ ማዶ፣ “በጉ እስካሁን አልሞተም እንዴ?”

“አንተን እየጠበቅን ነው!” ይሉታል።

አሥራት ሚድ ዊልሻየር ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት ሲያይ የሚያመው ሰው ነው። በየቧንቧው ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚፈጥረውን ቀጭን ሸምበቆ በደብተር ይመዘግባል፤ ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ የሚፈልገውን ትንፋሽ። ካምና ወዲህ ደግሞ ከደብተሩ ጀርባ የጋሼ ለይኩንን ጥፋት መመዝገብ ጀምሯል። ፊት ለፊት “እርስዎ” ይላቸዋል፤ በደብተሩ ውስጥ ግን አንቱታ የለም። “ሰኔ 3፦ አላደረቀም። ሰኔ 10፦ አላደረቀም።” ትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ ውሃ ይሆናል፤ ሁሉም ነፍቶ ሲጨርስ በገመድ የታሰረ ጨርቅ ያሳልፍበታል፤ አለዚያ ሸምበቆው ይበሰብሳል። ጋሼ ለይኩን ግን ሣጥናቸውን ዘግተው መኪናቸው ውስጥ ይቆልፋሉ። ይህን ስንፍና አንድ ቀን በሰው ፊት ሊያነብላቸው አስቧል።

የዘንድሮው ውድድር ሳምንት ሲቀረው፣ “ቀዳሚው፣ ና እስቲ” አሉት። መዳፋቸው ላይ አንዲት የጠርሙስ ቡሽ አለች። “ይቺን ከቻንተርህ ሸምበቆ ሥር ትወትፋለህ። ትከሻህ ላይ ያሉትንም ትደፍናለህ።”

“ለምን?”

“ጉንጭህን ንፋ፣ ጣትህን አንቀሳቅስ፣ እግርህን አንሣ። ድምፅህን ግን እንዳልሰማው።”

“እንደዚያ ከሆነ ብቀርስ?”

“ደንቡ ከአምስት ነፊ በታች ሜዳ አያስገባማ። እኔ፣ ታደለች፣ ፋኑኤል፣ ኤልዳና። አምስተኛው አንተ ነህ። ያንተ ሥራ መቆጠር ነው፤ መቁጠሩንማ አምና አየንልህ።”

ፋኑኤል ሳቀ። ታደለች ሳቋን በእጇ ያዘች።

“ጋሼ፣ ይኼ እኮ ማጭበርበር ነው።”

“ኦኬ፣ ሌላ ቡድን ግባ። ፌርፋክስ ላይ ሞልቶ የለ!”

አሥራት አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ እዚያው ሜዳ፣ እዚያው መስመር ላይ፣ ልክ በሰዓቱ ነፍቶ ያንን ስም ማስፋቅ። ቡድኑን ቢተው ስሙ ይጸድቅበታል። ቡሽዋን ኪሱ ከተተ።

የውድድሩ ቀን ቶራንስ እንደ ምጣድ ግላለች። ከሜዳው ማዶ የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫዎች ቆመዋል። ጋሼ ለይኩን አራቱንም አሰልፈው የእያንዳንዱን ድምፅ አስተካከሉ። የእሳቸውን የሚያስተካክል የለም፤ ሽማግሌን “እስቲ ብቻዎን ይንፉ” የሚል ሰው ፌርፋክስ ላይ አልተወለደም። አሥራት ዘንድ ሲደርሱ ከረጢቱን በክርናቸው ደቆሱት። አንዲት ጠብታ ድምፅ አልወጣችም።

“ጎሽ። ዲዳ ሆነሃል።”

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ከበሮው አንደረደረ። አሥራት ቆጠረ፤ ቅንድቡ ዘንድሮም ትንሽ ዘገየ። ነፊዎቹ ጮኹ፣ ክብ ሠርተው ቆሙ፣ ዳኛው ወረቀቱን ይዞ በጀርባቸው ይዞር ጀመር።

የራሱ ቧንቧ ሁልጊዜ ጆሮው ሥር ስለሚጮኽ አሥራት ቡድኑን ሰምቶት አያውቅም ነበር። አሁን ሰማው። በግራው ታደለች፣ ላይኛው ድምፅ ላይ ትንሽ ትወጣለች። ቀጥሎ ፋኑኤል፣ ጣቱ ይጎተታል። በቀኙ ኤልዳና፣ ጥርት ያለች። ሦስት። እንደገና ቆጠረ። ሦስት።

ቀና ብሎ ፊት ለፊቱ ያሉትን ጋሼ ለይኩንን አያቸው። ጣታቸው ይሮጣል፣ ጉንጫቸው ተነፍቷል። ደረታቸው ግን አይነሣም፣ ግንባራቸው ላይ ላብ የለም፣ ከቻንተራቸውም ምንም አይመጣም። የደብተሩ መስመሮች አንድ በአንድ መጡለት። አላደረቀም፣ አላደረቀም። ማድረቅ ለምን? ውሃ የለውማ።

ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሽማግሌው እንደታወቀባቸው አወቁ። ጣታቸው ግን አልቆመም።

ዳኛው በአሥራት ጀርባ አለፈ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ ነገር ግን ዳኛው ሲፈትሽ መጀመሪያ የምትገኘው ቡሽ የራሱ ናት። ስለዚህ በእልህ ጣቱን ሰደደ። ሽማግሌው የሚያሳምሯትን ሁሉ እሱም አሳመረ፣ ያፈጠኗትን እሱም አፈጠነ። ሁለት ዲዳዎች ዜማው እስኪያልቅ ድረስ ተዋጉ።

ሦስተኛ ወጡ። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። ኤልዳና የዳኛውን ወረቀት ጮክ ብላ አነበበች፤ “ድምፃችሁ ትንሽ ነው፤ ግን እንደ አንድ ሰው ነፍታችኋል።” ታደለች እልል አለች።

አሥራት ጋሼ ለይኩንን መኪናቸው ጋ ደረሰባቸው። ሣጥኑ ገና አልተዘጋም። ሳያስፈቅድ ጣቱን መንፊያው ውስጥ ከተተ።

“ደረቅ ነው።”

“እጅህን ሰብስብ!”

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

ሽማግሌው ሜዳውን አዩ፣ ጭስ ማውጫዎቹን አዩ። “ካምና ጀምሮ። ሳንባዬ ነው። ያን ቀን ቅንድቤ የዘገየው ትንፋሽ አጥሮኝ ነው።”

“ቆጠራዬ ልክ ነበር ማለት ነው።”

“ልክ ነበር።”

“እያወቁ ዓመት ሙሉ ፍየል አደረጉኝ? ዛሬ ደግሞ ደፈኑኝ?”

“አንተ ከነፋህ ትቆጥራለህ። ከቆጠርክ የኔ መዘግየት ይታወቃል። ጆሮህን መድፈን ነበረብኝ፤ ተሳስቼ ቧንቧህን ደፈንኩ።”

“እሑድ ሁሉም ባለበት ይናገሩ። አለዚያ እኔ እናገራለሁ።”

“ከዚያ በኋላ እዚያ ሰልፍ ውስጥ አልቆምም።”

“እሱ የእርስዎ ጉዳይ ነው።”

እሑድ ጋሼ ለይኩን ማቆሚያው መሐል ቆሙ። “አምና ልክ የነበረው አሥራት ነው። የዘገየሁት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ የሱን እርምጃ እዩ” አሉ፤ ወደ እሱ ግን አልዞሩም። የሳንባቸውን ነገር፣ የደረቀውን ቧንቧ፣ አላነሡም። ሣጥናቸውን አንጠልጥለው ወጡ።

አሥራት ቡሽዋን ነቅሎ መስመሩ ራስ ላይ ቆመ። ነፋ፤ ልክ በሰዓቱ። ከሁለት ዜማ በኋላ ታደለች ከረጢቷን አወረደች።

“ሶ፣ መስከረም ላይ ሌላ ውድድር አለ። ስንት ነፊ ነን?”

አሥራት እንኳን አራት መሆናቸውን ለማወቅ መቁጠር አላስፈለገውም።

ሦስተኛው እሑድ ላይ የጋሼ ለይኩንን በር አንኳኳ። ሽማግሌው በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ፤ ግባ አላሉትም፣ እሱም ልግባ አላለም። እጁን ዘረጋ። መዳፉ ላይ ቡሽዋ ነበረች።

“አምስተኛ ያስፈልገናል። ነፊ አይደለም። የሚቆጠር።”

“ማጭበርበር ነው ያልከው አንተ አልነበርክም?”

“ነበርኩ።”

ጋሼ ለይኩን ቡሽዋን አንሥተው በሁለት ጣታቸው አገላበጡና መልሰው መዳፉ ላይ ጣሉለት።

“ይቺ ትጠብበኛለች” አሉ በሩን እየዘጉ። “የራሴ አለችኝ።”