በካውያ ክፍል ስልሳ ሁለት ዲግሪ

መምህሩ ወረቀቴ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ጻፈ፤ ዜሮው ሳያንስ ከጎኑ «ሳይለካ የተጻፈ» ብሎ ጨመረበት። ደሜ ፈላ። ዜሮ ብርቄ አይደለም፤ በአርባ ስድስት ዓመቴ ስምንተኛ ክፍል ስገባ ለዜሮ ተዘጋጅቼ ነው የገባሁት። ውሸታም መባል ግን ሌላ ነገር ነው።

የቤት ሥራው ቀላል ነበር፤ የፈላ ውሃ በኩባያ ቀድቶ ለግማሽ ሰዓት በየአምስት ደቂቃው በቴርሞሜትር እየለኩ መጻፍ። እኔም በምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ሰባት ካውያ በሚግልበት ክፍል፣ አንሶላ እየተኮስኩ ለካሁ። የሌሎቹ ተማሪዎች ውሃ ሃምሳ ገደማ ሲወርድ የእኔው ገና ስልሳ ሁለት ነበር።

ቤት ስገባ ልጄ ወረቀቱን አየችው። አስረኛ ክፍል ናት፤ የምታስጠናኝም እሷ ናት።

«እማዬ፣ መለካቱ ሰልችቶሽ ነው አይደል?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ለሥራ ጓደኛዬ፣ ለአንሶላ አጣፊዋ ነገርኳት።

«ተይው፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለች።

«ምን በወጣው ያድራል? ነገ በምሳ ሰዓት ይጥራ!» አልኩና መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ዕድሜው ለልጅነት ይደርሰኛል። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ዞር ሲል ግን ይኸው እንደምትሰሙት ነው።

«መጥተው ራስዎ ይለኩ» አልኩት።

መጣ። ከአንድ ማንቆርቆሪያ ሁለት እኩል ኩባያ ቀዳን፤ አንዱን ካውያዎቹ መሀል፣ ሌላውን ቀዝቃዛው ኮሪደር ላይ አስቀመጥን። መምህሩ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ መጀመሪያ ኮቱን አወለቀ፤ ቀጥሎ ክራቫቱን።

«መምህር፣ ሸሚዙንም ይስጡን፣ እግረ መንገዳችንን እንተኩስልዎት» አለች አንሶላ አጣፊዋ። ሁላችንም በሳቅ ፈረስን፤ እሱም ሳቀ።

ግማሽ ሰዓት ሞላ። የኮሪደሩ ሃምሳ አንድ፣ የእኔው ስልሳ ሁለት!

መምህሩ ላቡን ጠረገ። «ክፍሉ ራሱ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነው! አካባቢው ሲሞቅ ውሃው ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። የክፍሉን ሙቀት አብራችሁ ጻፉ ማለት ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» እስክሪብቶውን አውጥቶ ይዤው በመጣሁት ወረቀት ላይ ዜሮውን ሊሰርዝ ጎንበስ አለ።

«ዜሮው ይቆይ» አልኩት። «መጀመሪያ ጽሑፉን ይሰርዙልኝ።»

ሰረዘው። «በምትኩ ምን ልጻፍ?»

«ያዩትን።»

«ተለክቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ጻፈና ፈረመበት። ዜሮውንም አስር አደረገው። ደስታዬን የት ላድርሰው! ያን ቀን የሁለት ሰው ሥራ ሠርቼ አልደከመኝም።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን ልጄ ፊት አስቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ተነስታ የራሷን የፊዚክስ ደብተር አመጣችና ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«እማዬ» አለች፣ «እስቲ ይቺን አስረጂኝ።»