የሀምዱ አፍንጫ

ሀምዱ የነዳጅ ቦቴው ጀርባ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ፊቱን የተከፈተው ክዳን ውስጥ ደፍቶ አየሩን ሳበ። ምንም የለም። እንደገና እስከ እምብርቱ ሳበው። ዓይኑ አነባ፣ ጉሮሮውን ፈጀው፤ ሽታ ግን አልመጣም።

«ላምባ ተቀላቅሎበታል ወይስ ደህና ነው?» ሲሉ ከታች ጮኹ የማደያው ኃላፊ አቶ አስናቀው።

«ንጹሕ ቤንዚን ነው!» አለ ሀምዱ። «ሹፌሩ ግን አቀስታ ላይ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ምስር በልቷል!»

ታች ያሉት ሳቁ። ሹፌሩም ሳቀ፤ ምስር በልቶ ኖሮ አፉን በእጁ ጠረገ።

መካነ ሰላም ላይ የሀምዱን አፍንጫ የማያውቅ ሰው ገና አልተወለደም። ቦቴው ከደሴ ሲነሳ እሱ እዚህ ያስነጥሰዋል ይባላል፤ እንዲህ የሚለው በርግጥ ራሱ ሀምዱ ነው። እሱ ሳያሸተው ቤንዚን አይራገፍም፤ ባጃጅ ነጂውም «ሀምዱ አሽቶታል?» ሳይል አይቀዳም። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ክዳን እየከፈተ፣ ፊቱን እየደፋ ኖሯል። ከሥራ ሲወጣ ግማሽ ሊትር ወተት ይጠጣል። ወተት ጋዙን ጠርጎ ያወርዳል ብሎ የሚያምን እሱ ብቻ አይደለም፤ ማደያው በሙሉ ነው።

ዛሬ ጠዋት ግን ጤና ጣቢያ ሄዶ ነበር። ሲስተር ሐረግ የደም ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ደምህ አልቋል ሀምዱ። ቀዩም ነጩም ቀንሷል። ደሴ ሄደህ ሐኪም ይይህ፤ ማደያውንም ተወው።»

«ሲስተር፣ እኔኮ በየቀኑ ወተት እጠጣለሁ።»

«ወተቱ ወደ ሆድህ ነው የሚወርድ። ጋዙ በሳንባህ ገብቶ ደምህ ውስጥ ነው የሚያድር። ምን አገናኛቸው?»

አልኮል የነካ ጥጥ አፍንጫው ሥር ያዘችለት። «ዓይንህን ጨፍን። ምን ይሸትሃል?»

«ውሃ» አለ ሀምዱ።

ሲስተር ሐረግ ጥጡን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ሀምዱ ከረመዳን ወዲህ በግምት «ንጹሕ ነው» እያለ መክረሙን ያን ጊዜ ለራሱም አመነ።

«መሰላሉ ላይ እግርህ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ» አሉ አሁን ከቦቴው ሥር አቶ አስናቀው። «የቦቴውን ሁለተኛ ክፍል ኢልሀም ታሽተው፤ ካሁኑ ትልመድ። የወንድምህ ልጅ አይደለች? ወላሂ፣ አፍንጫ በዘር ነው!» አቶ አስናቀው ክርስቲያን ናቸው፤ ወላሂ ማለት ግን ከሸሆቹ በላይ ይቀናቸዋል።

ኢልሀም ከሳዑዲ ከተመለሰች ገና ወሯ ነው። አቶ አስናቀውን ለምኖ ያስቀጠራት ሀምዱ ራሱ ነው። ቀሚሷን ሰብስባ መሰላሉን ወጣች፤ ደስ ብሏታል።

«እንዴት ነው የምስበው አጎቴ? ባለፈው ቤንዚን ስቀዳ ራሴን አዙሮ ሊጥለኝ ነበር።»

«መች ነገርሽኝ?»

«አብሽሩ፣ አይስጉ፤ እርስዎ እንዳሉኝ ወተቱን ስጠጣ ለቀቀኝ።»

ሀምዱ ከንፈሯን አየው። ነጣ ብሏል፤ ወይም እንደዚያ መሰለው።

«ጋሽ አስናቀው!» ብሎ ጮኸ። «እኔ አይሸተኝም!»

ታች ያለው ሰው በሳቅ ፈነዳ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ሹፌሩ ሆዱን ይዞ።

«ከረመዳን።»

«በል ጨምር፣ ጨምር!»

«ወላሂ እውነቴን ነው። የቅድሙንም ዋሽቻለሁ። ያለፈውንም ቦቴ፣ ከዚያ በፊት የመጣውንም።»

የአቶ አስናቀው ሳቅ ቀስ በቀስ ከፊታቸው ወረደ። «ታዲያ ልጅቷ ታሽትልን!»

«ውረጂ» አላት ሀምዱ።

«አጎቴ፣ እኔኮ ወተት…»

«ወተቱም ውሸት ነው። ጋዙ ደምሽ ውስጥ ነው የሚያድር።»

ኢልሀም እየቀለደ እንደሆነ ለማወቅ ዓይኑን አተኩራ አየችው።

«ሀምዱ! በእንጀራህ አትቀልድ!» አሉ አቶ አስናቀው ከታች።

ሀምዱ የከፈተውን ክዳን ዘጋ። ከዚያ እየተንፏቀቀ ሄደና፣ ገና ያልተከፈተው ሁለተኛው ክዳን ላይ ቁጭ አለበት።