አዎ የማይባልበት ቤት

አክስቴ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ካርታ ትገልጣለች። ሰው ተጨንቆ ይመጣል፣ እሷ የሚሆነውን ትነግረዋለች። የእኔ ሥራ መጠበቂያውን ክፍል እየወለወልኩ የባለጉዳዮቹን ወሬ መልቀም ነው። ከዚያ ውሃ ይዤ እገባና በጆሮዋ ሹክ እላታለሁ። ተራ የሚጠብቅ ሰው ሆዱን ይዘረግፋል፤ መወልወያ የያዘች ልጅ ደግሞ ከሰው አትቆጠርም።

የአክስቴ ሕግ ሦስት ነው፦ ቀን አትቁረጪ፣ ስም አትጥሪ፣ አዎ አትበይ። "መልስሽ እንደ ሰፊ ቀሚስ ይሁን፤ የከሳችውም የወፈረችውም ትልበሰው" ትለኛለች።

አንድ ቀን ጉንፋን ድምጿን ዘጋባት። "ዛሬ የለችም በያቸው" ብላኝ ተኛች። እኔን ግን ማን ይቻለኝ! ወንበሯ ላይ ተሰይሜ ድምፄን አጎረነንኩ።

መጀመሪያ የገባችው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እንደወጣ ከቀረ ሁለት ዓመቱ። ወንድሟ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶላት ቅዳሜ ሊወስዳት ነው።

"እማማ፣ ልሂድ ወይስ ልጠብቀው?" አለች። በመጋረጃው ቀዳዳ መርፌ የበሳሳቸው ጣቶቿ ይታዩኛል።

"የሄደ ሰው መንገድ አይጠፋውም፤ በርም ባለቤቱን ያውቃል" አልኳት።

እንዴት እንዳማረብኝ! ቢመጣም ልክ ነኝ፣ ባይመጣም ልክ ነኝ። መጋረጃውን ስማ ወጣች።

ቅዳሜ ወንድሟ ብቻውን ሄደ። እሷ በሯን ወለል አድርጋ ከፈተች፤ ከዚያ ወዲያ አልዘጋችውም። ብርዱ ገባ፤ ትንሿ ልጇ መሳል ጀመረች። ግድግዳችን አንድ ነው። ሳሉ መጀመሪያ ደረቅ ነበር፣ በሳምንቱ አክታ ያዘ። ልጅቷ ስትስል እስክትጨርስ እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። በኮሪደሩ ሳልፍ እናትየው ወደ በሩ ዞራ ትሰፋለች። የምትሰፋው የወንድ ሸሚዝ ነው። ያዘዛት ሰው ግን የለም።

ለአክስቴ ነገርኳት።

"ጠብቂው አላልናትም" አለች።

"ሂጂም አላልናትም።"

"እሱማ ነው ጥበቡ!" ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄድኩ። "እትዬ፣ የዚያን ቀን የተናገርኩት እኔ ነኝ። አክስቴ ተኝታ ነበር።"

ስፌቷን አላቆመችም። "አውቄሻለሁ። ድምፅሽን ስታጎረንኚ የታመመ ፍየል ነው የምትመስይው።"

"ታዲያ ለምን አመንሽኝ?"

"አንቺ ምላሳም፣ እንዲህ ያለ ቃል ከየት ታመጪያለሽ? ተነግሮሽ ነው እንጂ።"

"ከራሴ ነው! ምንም አላውቅም!"

"አየሽ? ሳታውቂው አናገረሽ" ብላ ፈገግ አለች።

 ልጅቷን አልጋው ላይ ሳል አጣደፋት፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ያኔ ሦስቱንም ሕግ ባንድ ትንፋሽ ጣስኳቸው። የባሏን ስም ጠራሁ። "በወጣ በዘጠነኛው ቀን ሞቷል" አልኳት። "እውነትሽን ነው?" ስትለኝ "አዎ" አልኩ።

የስፌት መኪናዋ ቆመ። ተነሣችና በሩን ዘጋችው። በማግስቱ ልጇን አዝላ ወደ ወንድሟ ሄደች። ልጅቷ ድናለች አሉ። ተመስገን።

እኔ ግን ስለ ሰውዬው አንዳች የማውቀው የለም። አሁን ኮሪደሩ ላይ የወንድ ኮቴ ስሰማ እቆጥራለሁ። የእኛ እንግዳ ከሆነ ስድስተኛው ላይ ያንኳኳል። የእሷ በር ስምንተኛው ላይ ነው።

ዛሬ ከምሳ በኋላ አንዱ ስድስትን አልፎ ስምንት ላይ ቆመ። አላንኳኳም። መዝጊያውን በመዳፉ ሲዳብስ ይሰማኛል።

"አንቺ፣ ውጪና ማን እንደሆነ እዪ እንጂ!" አለች አክስቴ።

መወልወያዬን አነሣሁና የተወለወለውን ወለል እንደገና መወልወል ጀመርኩ።